የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ

ቦንጋ ውስጥ የመኪናን ሕመም በጆሮው የሚያውቅ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ይመሩአችኋል። ካልመሩአችሁ የጠየቃችሁት ሰው እንግዳ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ከመኪና ጀርባ ነው። ረዳት በነበርኩበት ጊዜ ከፊታችን በሚሄደው መኪና ኋላ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ሾፌሬን ምን ይላል እለው ነበር። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ ፊደሉን በልቤ እይዛለሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት «ርቀትህን ጠብቅ» የሚለውን ነው። ሁለተኛው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ነበር። ሌላው ሰው ከሀ ሁ ሲጀምር እኔ በቀጥታ ቁም ነገሩ ውስጥ ገባሁ።

መኪናንም የተማርኩት እንዲሁ ነው። መካኒኮች ከፍተው ያያሉ፤ እኔ ሳልከፍት እሰማለሁ። የሞተር ቺንጋ ሲላላ እንደ ጫጩት ይጮሃል። ፍሬን ሲያልቅ ብረት በብረት ላይ ያፏጫል። ኩሽኔታ ግን፣ ማለትም ጎማው ልስልስ ብሎ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ሲታመም አይጮህም፤ ያንጎራጉራል። አፉን ዘግቶ ዜማ እንደሚለማመድ ዲያቆን እምምም ይላል። ይህን ድምፅ ከሌላው የሚለይ ጆሮ በዞናችን ሁለት አይገኝም። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሌላውን ስፈልግ ኖሬ አጣሁት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የምነዳት የጭነት መኪና የእኔ አይደለችም። ባለቤቷ ቦንጋ ላይ የማርና የቡና ንግድ ያላቸው ሴት ናቸው። ቤተሰባቸው ከመሃል አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ እኔ በዕድሜ ብበልጣቸውም እንጀራ የሚያበላ ሰው እትዬ ነው። ማታ ማታ መኪናዋን አቁሜ ቁልፉን ከሱቃቸው በር ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ። ጠዋት አነሳዋለሁ። ይህን ሳደርግ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሚስማሩ እኔን ያውቀኛል።

አንድ ቀን አንድ ባለ ባጃጅ እትዬ ዘንድ ሄዶ ከሰሰኝ። ከገበያው ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲው መታጠፊያ ድረስ ከኋላዬ ክላክስ ሲነፋብኝ ዞር ብዬ እንኳ እንዳላየሁት ተናገረ። እትዬም ጠርተው ጠየቁኝ።

ለእናንተ እውነቱን እነግራችኋለሁ። ሰምቼዋለሁ። ሃያ ሦስት ጊዜ ነው የነፋው፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ሰልሎ ነበር። ግን ዕድሜ የጠገበ ሰው ሦስት ጎማ ባለው ነገር ተገፍቶ መንገድ አይለቅም። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው ትዕቢተኛ ይሉኛል፣ አልሰማሁም ብላቸው ደንቆሮ ይሉኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ ዝም ማለቴን አይተው ጥያቄያቸውንም እንዳልሰማሁ ቆጠሩት።

በማግስቱ ፍርዱ መጣ። ከደካ አርባ አዳዲስ የንብ ቀፎ የምናመጣበት ጉዞ ነበር። እትዬ ቀፎዎቹን ማር ለሚያስረክቧቸው የማንኪራ ንብ አናቢዎች ሊያከፋፍሉ አዝዘው ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ጉዞ ጋቢና ውስጥ አብሬዎት እቀመጣለሁ» አሉኝ። «ጆሮዎን እዚያው አየዋለሁ። ደህና ከሆነ ቁልፉን እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ ያገኙታል። ካልሆነ ግን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

የወንድማቸውን ልጅ አውቀዋለሁ። መንጃ ፈቃድ አለው፣ መንዳት ግን የለውም። ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ የምታወጣውን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምቼ ሁለት ቀን ምግብ አስጠልቶኛል።

ሦስተኛው መንገደኛ ረዳቴ ነው። ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል፤ ስልሳን ካለፈ ቆይቷል፣ ጢሙም ከእኔ ጢም ይልቅ ነጭ ነው። ቢሆንም ታናሽ ታናሽ ነውና «አንተ ልጅ» ነው የምለው። እሱም ጋሼ ይለኛል። ሲያመሰግነኝ በአማርኛ፣ ሲሰድበኝ በካፊኖኖ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሬ ስለማውቅ የትኛውን እንደማልሰማ የምመርጠው እኔ ነኝ።

ደካ ደረስን፤ ቀፎዎቹን ተረከብን። ከቀርከሃና ከሐረግ የተሠሩ፣ ረዣዥም፣ ያማሩ ቀፎዎች ናቸው። ሠሪው እትዬን ደንበኛ ለማድረግ ሲል ሁሉንም ከውስጥ አጥኖ፣ በሰም አሽቶ ነበር የጠበቀን። ንብ ቀፎው ውስጥ እንድትገባ የሚደረገው እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይህን የሚያደርገው ንብ አናቢው ራሱ ነው፣ ያውም ቀፎውን ዛፍ ላይ ሊሰቅል በተነሳበት ሰዓት። የደካው ሰው ግን ቸር ሰው ነበርና አርባ ቤት ከነምንጣፋቸው አሰናድቶ መኪና ላይ ጫነልን። ሸራ ላልብስ ስል እትዬ ከለከሉኝ፤ ሽታው ይታፈናል አሉ። በገመድ ብቻ አሰርነው። ያሰረው ረዳቴ ነው፣ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።

መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት ባወራ ጉራ ይመስላል። ይህን ብቻ ልበል፤ እትዬ ከደካ ስንነሳ በግራ እጃቸው የያዙትን የሻይ ፔርሙዝ ምሳ እስክንበላ ድረስ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። ክዳኑ ጥብቅ ስለነበረ ነው ያለው ረዳቴ ነው።

ለምሳ አንዲት ትንሽ የመንገድ ዳር መንደር ቆምን። እኔ መኪና ፀሐይ ላይ አላቆምም፤ ጎማ እንደ ሰው ነው፣ ጥላ ይወዳል። ከመንገዱ ዳር ንብ የሚወደው አንድ ትልቅ የገተም ዛፍ እስከ ጫፉ አብቦ ቆሟል። የጭነቱ ጫፍ ቅርንጫፎቹን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ አስጠግቼ ሥሩ አቆምኩ። እንዲህ ያለ አቋቋም የሚያውቅ ሾፌር ዛሬ የለም። ወርጄ ሳየው ራሴ ደስ አለኝ።

ቆጮ በጎመን በላን። ምሳው ትንሽ ረዘመ፤ በአንድ ክረምት ጭቃ ውስጥ የተቀረቀሩ አራት መኪናዎችን ምክር በመስጠት ብቻ እንዴት እንዳወጣሁ እያወራሁ ነበር። ረዳቴ ገፍቼ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ እያለ ታሪኩን ያቋርጠኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ተናገርኩት።

ከዚያ ተሳፈርን። ሞተሩን አስነሳሁ። አሥር ሜትር እንኳ ሳንሄድ ሰማሁት። እምምም።

ፍሬን ያዝኩ። «የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ» አልኩ።

እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። «ምንም አይሰማኝም ጋሼ።»

ረዳቴም ምንም እንደማይሰማው ተናገረ። እኔም ሊሰማቸው እንደማይገባ፣ ይህ ድምፅ ለሁሉም እንደማይሰጥ በትሕትና አስረዳኋቸው። ልቤ ግን በደስታ ዘለለች። ጆሮዬን ሊፈትኑ የመጡት ሴትዮ ፊት መኪናዋ በራሷ ጊዜ መታመሟ ከላይ የታዘዘልኝ ነው። እሷን አድኜ፣ ቦንጋ ገብቼ፣ ቁልፌን ሰቅዬ እተኛለሁ።

ክሪኩን አወረድን፤ መኪናዋን አነሳን፤ ጎማውን ፈታን። የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ምሳ ያበላችን ሴት ለእትዬ የፕላስቲክ ወንበር አመጣችላቸው። ከመንገዱ ማዶ አንድ የኔ እኩያ የሚሆን ሰውዬ ትከሻው ላይ ረጅም ገመድ እንደጠመጠመ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየናል። ሰው ሲያየኝ ሥራዬ ይበልጥ ያምራልና አልከፋኝም።

ኩሽኔታውን አውጥቼ በጨርቅ ጠረግኩት። እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። ጭረት የለበትም፣ አይላወስም። በጣቴ አዞርኩት፤ ዝም። ድምፁ ግን አልቆመም። እምምም።

ረዳቴ ኩሽኔታውን አየ፣ ጎማውን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ጎማው መሬት ላይ ነው። ኩሽኔታው በእጅዎ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ታዲያ የሚጮኸው ምኑ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት፤ ጠያቂ ሰው አዋቂ ይሆናል፣ አሁን ሂድና አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አምጣ። በልቤ ግን ነገሩን አገላበጥኩት። ሞተር ጠፍቶ የሚያንጎራጉር ነገር መብራት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ዲናሞው ነው። ዲናሞውን ፈታሁት። ዲናሞው ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ ድምፁ እንዳለ ነው። ባትሪውን አወረድኩ። ድምፁ አለ። ክላክሱን ነቀልኩ። ድምፁ፣ እንዲያውም፣ በረታ።

በዚህ መሐል ንቦች በላያችን ይዞሩ እንደነበረ አልክድም። አይቻቸዋለሁ። ግን ካፋ ውስጥ ንብ ማየት ቦንጋ ውስጥ ባጃጅ እንደማየት ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? እንዲያውም አንዷ አፍንጫዬ ላይ አርፋ መፍቻው እንዳይስትብኝ ብዬ ሳላባርራት ሠርቻለሁ።

መኪናዋ በሦስት ጎማ ቆማ፣ ሆዷ ሣር ላይ ተዘርግቶ፣ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ሲጠጋ እትዬ ከወንበራቸው ተነሱ። ስልካቸውን ከቦርሳ አወጡ። ለማን ሊደውሉ እንደሆነ አልጠፋኝም።

«ጋሼ፣ ባጃጁን አልሰሙም፤ እሺ፣ ይሁን ብዬ ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን የሌለ ነገር ይሰማሉ። የሌለ የሚሰማ ጆሮ ያለውን ከማይሰማ ጆሮ በምን ይሻላል?»

   ኩሽኔታውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ሚስማሩ ታየኝ። የወንድማቸው ልጅ ጠዋት መጥቶ ቁልፌን አንስቶ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ሲወጣ ታየኝ።

ይሄኔ ባለ ገመዱ ሰውዬ ከግንዱ ላይ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ። አጠገባችን ሲደርስ እትዬን በአክብሮት ሰላም አለና ወደ ጭነቱ አናት አገጩን ቀና አደረገ።

«መንጋው ከገባላችሁ ቆየ» አለ። «ምሳ ስትበሉ ነው የገባው። ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ መጨረሻው ቀፎ።»

ሁላችንም ቀና አልን። አንድ መንጋ ንብ አርባ የታጠነ ቤት መንገድ ዳር ከአበባው ሥር ቀርቦለት፣ አማርጦ አንዱን ይዟል። አፉ ላይ ጥቁር ሆነው ይርመሰመሳሉ።

ንብ አናቢ ነው ለካ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ተቀምጦ ሲያየን ለምን እንዳልተናገረ ረዳቴ ጠየቀው። በቁጣ ነው የጠየቀው፣ በካፊኖኖ። ሰውዬው ግን ለሁላችን እንዲሰማ በአማርኛ መለሰ።

«እኚህ ሰው ኩሽኔታ ነው ሲሉ ሰማሁ። የኩሽኔታን ነገር እኔ ምን አውቄ?»

በዓይኔ ሳላይ የማላምን ሰው ነኝ፤ በጆሮዬ ሳልሰማ ደግሞ ጭራሽ አላምንም። የጭነቱን ጎን ስፖንዳ ረግጬ ወጣሁና የግራ ጆሮዬን ቀፎው ላይ ለጠፍኩ። ድምፁ እሱ ነው። ንብ አናቢው ከታች ሆኖ አይጠጉ፣ አይጠጉ ይል ነበር፤ ጨርሶ ሳይናገር አንዷ ጆሮዬ ላይ ሥራዋን ሠራች። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ረዳቴ እንደወደቅኩ ይናገራል፤ እኔ ዘለልኩ ነው የምለው፣ የዘለለውም እኔ ስለሆንኩ የሚታመነው የእኔ ነው።

እንግዲህ ክላክሱን፣ ዲናሞውን፣ ጎማውን ገጥመን እንሂድ አሉ እትዬ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ንብ የገባበት ቀፎ ቀን አይንቀሳቀስም፤ ለአበባ የወጡት ሲመለሱ ቤታቸውን ያጡታል፣ ቤታቸውን ያጡ ንቦች ደግሞ መንደሩን ነው የሚጠይቁት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ይገባሉ፤ ያኔ አፉን በቅጠል ደፍኜ እለቅቃችኋለሁ አለ።

«እስከዚያ ይቺ መኪና ዛፍ ናት» አለ። «ዛፍ ደግሞ አይነዳም።»

ከዚያ ንቡ የማን ነው የሚለው ተነሳ። እትዬ ቀፎውን የገዛሁ እኔ ነኝ አሉ። ረዳቴ ያሰርኩት እኔ ነኝ አለ። እኔም በአገሩ ወግ ባለ ማሩ ቀፎውን የሰቀለው ሰው እንደሆነ አስታውሼ፣ ከዚያ አበባ ሥር በዚያ ልክ አስጠግቶ ያቆመው ማን ነው ስል ጠየቅኩ። በዚህ ሒሳብ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ንብ አናቢው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ዛፍ ሲከራከር ገና ዛሬ ሰማሁ» አለ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ረዳቴ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ፤ ይህን መዝግቤበታለሁ።

እትዬ ግን አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ መኪናዋ ቀረብ አድርገው አዳመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው አዳመጡ።

«እርስዎ ከዚያ ግንድ ላይ ሆነው ይሰማዎት ነበር?» ብለው ሰውዬውን ጠየቁት።

«እንዴታ እትዬ። ከቤቴም ይሰማል።»

ምሳ ያበላችን ሴትም ከምድጃዋ ሆና እንደሚሰማት ተናገረች። ረዳቴ አንገቱን ወደ ቀፎው አሰግጎ አፉን ከፍቶ ቆየና ምንም እንዳልሰማው ራሱን ነቀነቀ። እትዬም እንዲሁ። መንደሩ በሙሉ ይሰማል፤ ከቦንጋ ከመጣነው ሦስታችን ግን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደንቆሮ የተባልኩት እኔ።

በዚያች ሰዓት ብዙ ነገር መናገር እችል ነበር። አንድም አልተናገርኩም። የሴትዮዋ ጆሮ እንደደከመ ያወቅኩትን ለማንም ሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ለረዳቴ፣ ለባለቤቴ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለጋራዥ ሰዎችና አሁን ለእናንተ ካልሆነ በቀር። እትዬም ስልካቸውን ሳይደውሉ ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

የፈታሁትን ሁሉ ገጠምኩ። ሲያልቅ ሦስት ብሎን ተረፈ። አንዳንድ መኪና ሲሠሩት ትርፍ ይጨምሩበታል። ኪሴ ከተትኳቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውዬው ያን ገመድ ተጠቅሞ እንደ ዝንጀሮ ቀልጠፍ ብሎ ወጣና የቀፎውን አፍ ደፈነ። ወርዶም ቀስ ብለው ይንዱ አለኝ። ይህን ለእኔ መናገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ ቢሆንም ቀስ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ነድቼ አላውቅም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብገባ ሺህ ተሳፋሪ ተቆጥቶ ወደ ጋቢና ይመጣል። የግራ ጆሮዬ ድንች አክሏል። እትዬ መሐል ተቀምጠው አንዴ ጆሮዬን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ። ፈተናው አላለቀም ነበር፤ ስለ ንብ መስማቴን አምነው ስለ ባጃጁ ገና አላመኑም።

ቦንጋ ዳር ስንደርስ፣ ገና አንደኛው ዳገት ላይ፣ ከኋላ በጣም ቀጭን የሆነች ድምፅ መጣች።

«ባጃጅ» አልኩ።

«የታለ?» አሉ እትዬ።

መሪውን ወደ ቀኝ ያዝኩና መንገድ ለቀቅኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው፤ ያደረግኩትም ለንቦቹ ብዬ እንጂ ለባጃጁ ብዬ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ባጃጅ በግራችን በኩል ብቅ አለ። ያው የከሰሰኝ ሰውዬ ነበር። መንገድ የለቀቅኩለት እኔ መሆኔን ሲያይ እጅግ ደንግጦ ዳገቱ መሐል ላይ ሊቆም ምንም አልቀረውም። እትዬ ባጃጁ እስኪርቅ በዓይናቸው ሸኙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያበጠ ጆሮዬን አዩት።

ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ሄድኩ። ያን ሌሊት ያልተኛሁት በጆሮዬ ሕመም እንጂ በሌላ ነገር አይደለም።

ጠዋት ሱቁ ስደርስ ቁልፉ እዚያው ነበር። ከሥሩ ግን ከካርቶን የተቀደደች ቁራጭ ሚስማሩ ላይ ተሰክታለች። የእትዬ ጽሕፈት ነው። ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩት፦ «ጋሼ፣ መስማት የእርስዎ፣ መፍታት የመካኒክ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሦስት ጊዜ።

ቀፎው ማንኪራ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ እትዬ ማሩ ሲቆረጥ ድርሻ አለዎት ብለውኛል። ወደዚያ ጭነት ስወስድ ረዳቴን አስከትዬ በእግር መንገዱ ገባ ብዬ አየዋለሁ። ራቅ ብዬ ቆሜ አዳምጣለሁ። ረዳቴ ታዲያ ጋሼ፣ አሁን ምን ይሰማዎታል ይለኛል እየሳቀ። ይሳቅ። ሦስቱ ብሎኖች አሁንም ኪሴ ውስጥ ናቸው፣ መኪናዋም ያለ እነሱ እየሄደች ነው፤ ይህም ማን ምን እንደሚያውቅ ያሳያል። ከዚያ ዛፍ ሥር ቆሞ ያንን ድምፅ ከኋላ ቀኝ ኩሽኔታ የሚለይ ሰው ከተገኘ ግን፣ ቁልፉን ራሴ ከሚስማሩ አውርጄ እሰጠዋለሁ።